ከጋቢው ሥር

ለእናቴ የራሷን ሠርግ ጽፌ አነበብሁላት። ነገሩ ይኸው ነው። ዓመት አልፎታል፤ ያቺ ቀን ግን እስካሁን አልለቀቀችኝም። አዲስ ታሪክ ልጽፍ ቁጭ ስል አንድ ጥያቄ ቀድሞኝ ይቀመጣል። ይህን የሚያየው ማነው? የማያየውስ ማነው?

ትምህርት ቤት ሳለን የትረካ አንጻር የሚባል ነገር ተምረናል። አንደኛ መደብ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ሁሉን ዐወቅ ተራኪ። ለፈተና ሸምድደን አለፍነው። መጻፍ ከጀመርሁ በኋላም ቢሆን ጉዳዩ ያን ያህል አላስጨነቀኝም። «እኔ» ልበል ወይስ «እሷ» ልበል? ለጆሮዬ የጣመኝን መርጬ እቀጥላለሁ። አንጻር ማለት የተውላጠ ስም ምርጫ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ አንድም ልቦለድ አንብባ የማታውቅ ሴት።

## ቡናው ያረረ ዕለት

ለመስቀል ቢቸና ሄጄ ነበር። እናቴ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ምጣዱን ጥዳ፣ ቡና ትቆላለች። እኔ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወረቀቴን አወጣሁ።

«የጻፍሁት ነገር አለ፤ ላንብብልሽ?»

«ስለ ምን ነው?»

«ስላንቺ።»

ሣቀች። «ስለኔ ደግሞ ምን ይጻፋል?» አለችና መቁላቷን ቀጠለች።

ታሪኩ የሠርጓ ቀን ነው። ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዘመኑን ሁላችንም ስለምናውቀው አልዘረዝረውም። ጥር ነው፤ ዳስ ተጥሏል፤ ሙሽራይቱን በበቅሎ ይወስዷታል። በ«እኔ» ነበር የጻፍሁት፣ ራሷ እንደምትናገር አድርጌ። በዚህም ኮርቼ ነበር። ድምፅዋን ያገኘሁት መስሎኛል።

ማንበብ ጀመርሁ። ሙሽራይቱ በቅሎዋ ላይ ሆና አገሩን ቁልቁል ታያለች። የጤፍ ክምር በየአውድማው ቆሟል። ከሩቅ የጮቄ አናት ጉም ጠምጥሟል። ዕድምተኛው ያቅራራል፤ አቧራው ይጨሳል። እናቴ ጸጥ ብላ ትሰማለች። ማማሰያዋ ምጣዱ ላይ ይሽከረከራል። ከዚያ ይህች ዐረፍተ ነገር መጣች፦ «ዞር ብዬ ሳይ አባቴ ከጎተራው ጀርባ ቆሞ፣ አፉን በጋቢው ይዞ ያለቅሳል።»

ማማሰያው ቆመ።

«አለቀሱ?» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ እኔን አታየኝም፤ እሳቱን ነው የምታየው።

«አባባ አለቀሱ?»

የምመልሰው ጠፋኝ። ዝም አልሁ። እሷም ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ እኮ ምንም አላየሁም። ሙሽራ ታያለች እንዴ? ከነራሴ በጋቢ ሸፍነውኛል። ጮቄ አልህ፣ ክምር አልህ። እኔ ያየሁት የበቅሎዋን ኮቴ ነው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ከጋቢው ሥር የሚታያት ቁልቁል ብቻ ነበር። የበቅሎዋ የፊት እግሮች ይታያሉ። መሬቱ ይታያል። ልጓሙን ይዞ የሚሄደው ሰው ተረከዝ ይታያል። ሰውየው ባዶ እግሩን ነው፤ የቀኝ ተረከዙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ የጭድ ስባሪ ገብቷል። ያቺ ጭድ ትወድቅ ይሆን እያለች መንገዱን ሙሉ ስትጠብቅ ሄደች። «ያንን ተረከዝ ዛሬም ባየው አውቀዋለሁ። ፊቱን ግን አላውቀውም» አለችኝ። ወንዝ መድረሳቸውን ያወቀችው ኮቴው ሲርስ ነው። ዳገት መጀመሩን ያወቀችው ጠጠሩ ሲበዛ ነው። «የኛ አፈር ጥቁር ነው። ቀይ አፈር ሳይ ከአገር እንደ ወጣሁ ገባኝ።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

«አባባ ያለቀሱትን ማን ነገረህ?»

«አያ ነው» አልኋት። ታላቅ ወንድሟን እንዲያ ነበር የምትጠራው። ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።

«ለኔ ሳይነግረኝ ሞተ» አለች።

ወደ ምጣዱ ስንመለከት ቡናው አርሯል። እናቴ ቡና ስታሳርር ያን ቀን አየሁ፤ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

## የሁለት ሰው ዓይን

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወሬው ከማን እንደ መጣ፣ በማን አፍ እንዳለፈ እያሰብሁ ስገላበጥ አነጋሁ።

አጎቴ የነገረኝ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ማኅበር ላይ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው። በሠርጉ ቀን ልጅ ነበር። ገመድ አምጣ ተብሎ ሲሮጥ ከጎተራው ጀርባ አባቱን ያገኛቸዋል። «አፋቸውን በጋቢ ይዘው ቆመዋል። ጥርሳቸውን ያመማቸው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ለቅሶ መሆኑ የገባው ካደገ በኋላ፣ የራሱን ልጅ ሲድር ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ያንን ነገር ከአጎቴ ዓይን ነቅዬ ለእናቴ ዓይን ሰጠሁት። «ጥርሳቸውን ያመማቸው መስሎኝ» የምትለዋን ደግሞ ቆረጥኋት። ታሪኩን ታላላለች ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ከነገሩ ሁሉ የከበደው እሷ ነበረች። አንድ ልጅ አባቱ ሲያለቅስ አይቶ ጥርስ ሕመም ይመስለዋል። ሌላ የአባት እንባ አይቶ አያውቅማ! የተሳሳተው ነገር ራሱ ያን ቤት ይነግረናል። እኔ አርሜ፣ አጥርቼ፣ ለማያውቀው ሰው ሰጠሁት።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል ያገሬ ሰው። መላ የጨመርሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያላወቀችውን ነገር፣ በራሷ አፍ፣ እንደምታውቀው አድርጌ ተናገርሁ። ልቦለድ መፍጠር ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ለአንድ ሰው ያላየውን ማሳየት ማለት ያላየበትን ሕይወት መውሰድ ነው። እናቴ እኮ እነዚያን ዓመታት የኖረችው አባቷ እንዳላለቀሱ እያሰበች ነው። ያ ሕይወት የሷ ነው። እኔ ባንድ ዐረፍተ ነገር ሰረዝሁት።

ሰዋስዋችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር በሩ ክፍት ነው። «እኔ» ጾታ የለውም። «ሄድሁ» ያለው ወንድ ይሁን ሴት ከግሡ አይታወቅም። «ሄድህ» እና «ሄድሽ» ይለያያሉ፤ «ሄደ» እና «ሄደች» ይለያያሉ። «ሄድሁ» ግን ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ወንድ ልጅ በእናቱ «እኔ» ውስጥ ሲገባ ማንም «ወዴት ነው?» አይለውም። ሰተት ብሎ ይገባል። እኔም የገባሁት በዚያ በር ነው።

ብዙዎች የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚሉት «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ደራሲው ይህን የቋንቋ ጠባይ ከሌላ ወገን ተጠቅሞበታል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው፤ ከባሕር ዳር ጣናን ተሻግሮ ያለው የቡና ጫካ አገሩ ነው። በታሪኩ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። እኛ ሴት መሆኗን እናውቃለን፤ መንገድ ላይ የሚያገኟት አያውቁም። እኛ በልባችን «እሷ» ስንል እነሱ «አንተ» ይሏታል። አንድ ሰው በሁለት ግሥ ይጠራል። የታሪኩ ሥጋትም ከዚያ ይመነጫል፤ ማን ምን ያውቃል ከሚለው።

## «የሬዲዮኑ ሰውዬስ?»

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ያላሰብሁትን ጥያቄ አመጣች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አላነበበችም፤ ሰምታዋለች። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከቦ ይሰማ ነበር። እሷም ሥራዋን ጥላ ትሄድ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አጫውታኛለች።

«የሬዲዮኑ ሰውዬስ?» አለችኝ። «እሱ ሁሉን ያውቅ የለ? የፊታውራሪ መሸሻንም የሰብለንም ልብ ይነግረን የለ? እሱ ተፈቅዶለት አንተ ለምን ትከለከላለህ?»

ልታጽናናኝ ነበር። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ ያቆሙት ተራኪ እውነትም ሁሉን ዐወቅ ነው። ማንኩሳ ላይ ይጀምራል። ከበዛብህ ወላጆች ጎጆ ይገባል፤ ከዚያ ወጥቶ ዲማ ይሄዳል፤ የፊታውራሪው አዳራሽ ይገባል፤ ባላገሮቹ ከአበጀ በለው ጋር ሲያምጹ እነሱም ዘንድ አለ። ያልገባበት ቤት የለም። እኛም ደስ ብሎን እንከተለዋለን።

ልዩነቱ ግን ይህ ተራኪ ሰብለን አይመስልም። ሰብለ ነኝ አይልም። የሚያውቀውን ለኛ ይነግረናል እንጂ ለሷ አይነግራትም። በዛብህ በስለት የተሰጠ ልጅ መሆኑን እኛ ከመጀመሪያው እናውቃለን። ስለዚህ ዓይኑ ሰብለ ላይ ሲያርፍ እሷ ሳትሠጋ እኛ እንሠጋለን። የሰብለ አለማወቅ አልተነካም። ተራኪው ያን አለማወቅ እንደ ዕቃ ጠብቆላታል። አንባቢውን የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ሁሉን ዐወቅ ተራኪ ሁሉን ስለሚያውቅ አይደለም የሚያስደንቀኝ፤ ያወቀውን ለማን እንደማይሰጥ ስለሚያውቅ ነው።

በሌላ ጫፍ «ኦሮማይ» አለ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ይህ መጽሐፍ የሚነገረን በጋዜጠኛው በፀጋዬ ኃይለማርያም «እኔ» ነው። እሱ ካየው በላይ አናይም፤ እሱ ሲደናገር እኛም እንደናገራለን። በዓሉ ራሱም ጋዜጠኛ ነበርና የገጸ ባሕርዩ «እኔ» እና የደራሲው «እኔ» ባንባቢ ዘንድ ተቀላቀሉ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። «እኔ» ብሎ መጻፍ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ክብደት ያለው ነገር ነው። እኔ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር፣ ለጆሮዬ ስለ ጣመኝ ብቻ ጻፍሁት።

## አለ፣ አሉ

ወደ ገጹ ስመለስ ሌላ ስህተት አገኘሁ። ከመጀመሪያው የባሰ ይመስለኛል።

እኔ «አባቴ ያለቅሳል» ብዬ ነበር የጻፍሁት። እናቴ ግን ስትጠይቀኝ «አለቀሱ?» ነው ያለችው። አባቷን በሕይወት ዘመኗ «እሱ» ብላ አታውቅም። በሐሳቧ እንኳ አትልም። እንግዲህ ያ ታሪክ በሷ አፍ እንዳልተነገረ ለማወቅ ጮቄንና ክምሩን መፈተሽ አያስፈልግም ነበር። አንድ ግሥ ይበቃል። «ያለቅሳል» ያልሁት እኔ ነኝ፤ አያቱን በሥጋ ያላገኘ፣ ከተማ ያደገ ሰው።

አማርኛ ተራኪን እንዲህ ያጋልጣል። ስለ አንድ ፊታውራሪ ስጽፍ «አለ» ወይም «አሉ» ማለት አለብኝ። መሐል ቦታ የለም። «አሉ» ካልሁ ከሥራቸው ቆሜ ቀና ብዬ እያየኋቸው ነው። «አለ» ካልሁ ወይ እኩያቸው ነኝ፣ ወይ ዘመናቸው አልፎ ታሪክ ሆነውልኛል፣ ወይ ንቄአቸዋለሁ። አንድም ነገር ሳልገልጽ የቆምሁበት ቦታ ታወቀ። የትም ያልቆመ ተራኪ በኛ ቋንቋ አይገኝም።

ክብር ብቻም አይደለም። እናቴን «አንቺ» እላታለሁ። እግዚአብሔርን «አንተ» እንለዋለን። የቀረበን ሰው፣ የምንሳሳለት ሰው፣ የምንለምነው አምላክ አንድ ላይ ናቸው። «እርስዎ» ማለት ማክበር ነው፤ መራቅም ነው። አንድ ልጅ ታሪኩን ሙሉ አባቱን «እሳቸው» ሲል ቆይቶ አንድ ቀን በልቡ «እሱ» ቢል፣ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ነገር ፈርሷል ማለት ነው። ደራሲው «ተጣሉ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም።

«አሉ» የምትለዋ ቃልም እንደዚሁ ታስገርመኛለች። «አባባ አሉ» ስንል ክብር ነው። «ሞተ አሉ» ስንል ወሬ ነው፤ አላየሁም፣ ሰማሁ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ ምስክሩን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ በዓይንህ ነው ወይስ በጆሮህ? ያየ ባንድ ወገን፣ የሰማ በሌላ ወገን ይመዘናል። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። እኔ የሰማሁትን እንዳየሁ አድርጌ መሰከርሁ። እሱም አልበቃኝ፤ በእናቴ ስም መሰከርሁ።

ሌላም አለ። «እመጣለሁ ብሎ ቀረ» እንላለን። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሁለት ሰው ግን ይናገርበታል። «እመጣለሁ» የሚለው የቀረው ሰው ነው፤ «ብሎ ቀረ» የምትለው የጠበቀችው ሴት ናት። የሱ «እኔ» በሷ አፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ ትዝብቷም ከላዩ ላይ ነው። ይህን በየቀኑ፣ ገበያ ስንሄድ፣ ስልክ ስናወራ እንለዋለን። ደራሲ ሆነን ስንቀመጥ ግን እንረሳዋለን።

## ሙሾ አውራጇ ፈቃድ ስትጠይቅ

ታዲያ በሌላ ሰው «እኔ» መናገር ጨርሶ አይቻልም? እንዲህ ብዬ ራሴን ስጠይቅ የአጎቴ ቀብር ትዝ አለኝ።

ሙሾ አውራጇ ለቅሶው መሐል ቆማ ነበር። መጀመሪያ «አንተ» እያለች ሟቹን ጠራችው። ቀጥላ በሚስቱ አፍ ተናገረች፤ ቤቱ እንዴት እንደ ከበዳት፣ ምሽቱ እንዴት እንደ ረዘመባት። ከዚያ ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በራሱ በአጎቴ አፍ መናገር ጀመረች። በሬዎቼን ማን ይፈታቸዋል አለች። ቀንበሩን ዛፍ ሥር ትቼዋለሁ፣ ዝናብ ሳይመጣ አስገቡልኝ አለች። ሁለቱን በሬዎች በየስማቸው ጠራች። ያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ተነፋረቀ። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ደረቷን መታች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሴትየዋ የሞተ ሰው ሆና ተናገረች፤ ማንም «ይህን አንቺ በምን አወቅሽ?» አላላትም። ለምን?

ያኔ ልብ ያላልሁት ነገር አሁን ገባኝ። ሙሾ አውራጇ በማለዳ መጥታ ነበር። ገና ሰው ሳይሰበሰብ ከአጎቴ ሚስት ጋር ማድቤት ገብታ ቁጭ አለች። በእርጋታ ትጠይቃለች። የትኛውን በሬ ይወድ ነበር? መጨረሻ ቀን ምን ሲሠራ ዋለ? ለማን ምን አለ? የአጎቴ ሚስት እያለቀሰች ትመልሳለች። ቀንበሩ ዛፍ ሥር መቅረቱን የነገረቻት እሷ ናት። እኔ ውኃ ላደርስ ገብቼ ሰምቻቸዋለሁ። ሴትየዋ ወደ ሰው «እኔ» የገባችው በሩን አንኳኩታ ነው። በአጎቴም አፍ ያስገባችው እሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ በሬውን፣ ቀንበሩን፣ ዛፉን። ስለ ሞት ያለውን ሐሳብ አልተናገረችለትም። ሰማይ ቤት ምን እንዳየ አልተናገረችለትም።

እናቴ በሕይወት ነበረች። ከኔ የሚጠበቀው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ «ያን ቀን ምን አየሽ?» ማለት ነበር። አላልሁም። የማውቃት መስሎኝ ነበር። ልጇ ስለሆንሁ የዓይኗ ወራሽ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

## ሁለት ገጽ

ታሪኩን ቀድጄ እንደ አዲስ ጀመርሁት።

መጀመሪያ በልጁ ዓይን ጻፍሁ። ልጁ ገመድ ፍለጋ ይሮጣል፤ አባቱን ያገኛቸዋል፤ ጥርሳቸውን ያመማቸው ይመስለዋል። ጤና አዳም ላምጣላቸው ይሆን ብሎ ያስባል። ከዚያ ገመዱን አንሥቶ ይሮጣል። ልጁ የእህቱን ሠርግ የሚያስታውሰው አባቱን ጥርስ የታመሙበት ቀን ብሎ ነው። ጥሩ መጣልኝ። ግን እናቴ ከታሪኩ ጠፋች፤ በቅሎ ላይ የተጫነ ጋቢ ብቻ ሆነች።

ከዚያ ከጋቢው ሥር ጻፍሁ። «እኔ» አላልሁም፤ «ልጅቷ» አልሁ። ኮቴ፣ ተረከዝ፣ የጭድ ስባሪ፣ ጥቁር አፈር፣ ውኃ፣ ጠጠር፣ ቀይ አፈር። ሌላ ምንም የለም። ጮቄ የለም። የጤፍ ክምር የለም። መጻፉ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። እጄ በየመስመሩ ቀና በይ ሊላት ይፈልጋል። ሰማዩን ሊያሳያት ይፈልጋል። ቀና ካለች ግን እናቴ አይደለችም። በዚህኛው ደግሞ አያቴ ጠፉ። በእርግጥም ለሷ ጠፍተውባት ነበር።

በመጨረሻ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። ያው ቀን ነው፤ ያው ደቂቃ ነው። ልጁ የሚያውቀውን ልጅቷ አታውቅም፤ ልጅቷ የምታየውን ልጁ አያይም። በመሐላቸው ያሉት አባት ለማንም አይናገሩም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ታሪኩ ውስጥ የለም። አንባቢው ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን ነበር ከመጀመሪያው መጻፍ የነበረብኝ።

እናቴ ጋ ደውዬ በስልክ አነበብሁላት፤ የልጅቷን ገጽ ብቻ። ጨርሼ ስጠብቅ «ጭዷ ወንዙ ላይ ነው የወደቀችው» አለችኝ። ጻፍኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሷ ደወለች። እናቴ ያለ ምክንያት አትደውልም። ደንግጬ አነሣሁት። ደኅና ናት። ሰላምታውን ቶሎ ጨረሰችው።

«አያ ከጎተራው ጀርባ ነው ያለህ?»

«አዎ።»

«ከየትኛው ጎተራ? ከጤፉ ነው ከገብሱ?»

አላውቅም። አጎቴ «ጎተራው» ብሎ ነው ያለፈው። ግቢው ውስጥ ሁለት ጎተራ እንደ ነበር ራሱ ገና አሁን መስማቴ ነው።

«አልጠየቅሁትም፣ እማዬ» አልኋት።

ዝም አለች። ከወዲያ ማዶ የዶሮ ጩኸት ይሰማኛል።

«የጤፉ ከቤቱ ኋላ ነበር» አለች። «የገብሱ ግን በሩ አጠገብ ነው። የገብሱ ከሆነ በቅሎዋ በጥጉ ነው ያለፈችው። እጄን ብዘረጋ እነካቸው ነበር።»